ከመኪናዋ በዕድሜ የሚበልጥ ሞተር

«ባለቤቱ አያውቅም።»

ይህን ያለው መካኒኩ ነው። ያለውም ለኤሌክትሪሻኑ ነው። የሰማሁት ደግሞ እኔ ነኝ፤ ከሚኒባስ ተነቅሎ ጋራዥ ውስጥ በተጣለ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ፣ መጽሐፍ የማነብ መስዬ። የፒካፗ ባለቤት አንተ ነህ። አለማወቅህም እውነት ነው። የማታውቀው ነገር ምን እንደሆነ ግን ያን ቀን እኔም አላውቅም ነበር። አሁን ስላወቅሁ አንተም እወቀው ብዬ ብዕር አነሳሁ።

ይድረስ ለምሳሳልህ ወንድሜ፣ ለእናቴ ልጅ። ከራስ ጠጉርህ እስከ እግር ጥፍርህ እንዴት ነህ? ወገብህስ? ሥራ በሄድክበት አገር ክፍልህ አሁንም ይበርዳል ወይስ መስኮቱን የሚደፍንልህ ሰው አገኘህ? አብሮህ የሚያድረው፣ ሲያንኮራፋ ግድግዳ ያንቀጠቅጣል ያልከው ሰውዬ ተሻለው ወይስ አንተ ለመድከው? ምግብ በሰዓቱ ትበላለህ ብዬ ብጠይቅህ «እበላለሁ» እንደምትለኝ ስለማውቅ ምን እንደምትበላ ነው የምጠይቅህ። እኛ ደኅና ነን። እማዬ ጉልበቷን ያማታል፤ ምላሷን ግን ምንም አልነካትም። ሚስትህ ደኅና ናት። ልጅህ የፊት ጥርሷ ወልቆ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች፤ መሳቋን ግን አልተወችም። እኔም ደኅና ነኝ፤ ከመጠርጠር በቀር ሌላ ሕመም የለብኝም፣ እሱም የቆየ ነው።

ነገርን ከሥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምርልህ። ባለፈው ወር ፒካፗ ዱቄት እንደ ጫነች ዳገቱ ወገብ ላይ ቆመች። የምትነዳት ሚስትህ ነበረች። ደውላ «እትዬ፣ መኪናዋ ተነፈሰች» አለችኝ። ስደርስ በእርግጥም ከኮፈኗ ሥር እንፋሎት እየወጣ ነበር። ዱቄቱን በኪራይ መኪና አሳልፈን፣ ፒካፗን በገመድ አስጎትተን አንተ ድሮ ታሠራበት የነበረው ጋራዥ አስገባናት። መካኒኩን ታውቀዋለህ፤ ከጥቂት ቃል በላይ ስለማይናገር ሠራተኞቹ «መነኩሴው» የሚሉት ነው። የዘይት መለኪያውን መዘዘና አየው፤ ለእኔም አሳየኝ። ዘይቱ ወተት የገባበት ሻይ መስሏል። «የሞተሩ ብሎክ ተሰንጥቋል» አለ። ከዚያ በኋላ ለሁለት ቀን ከአፉ ሌላ ነገር አልወጣም። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ እውነትም እንደማይወጣ ግን ማንም አልነገረኝም ነበር።

ሲናገር ደግሞ ባይናገር ይሻል ነበር። ለዚህች ፒካፕ የሚሆን ብሎክ ገበያ ላይ ጠፍቷል አለኝ። ቢገኝም ከእሱ የሚሻል አለ፤ የሚሻለውም ከእሷ በፊት የነበረው ሞዴል የናፍታ ሞተር ነው አለኝ። እንግዲህ አስበው። ሰው የተበላሸበትን በአዲስ ይለውጣል እንጂ ይበልጥ ባረጀ ሲለውጥ አይቼ አላውቅም። እኔን ከቤተ መጻሕፍቱ በጡረታ ሲያሰናብቱኝ ወንበሬን ለእማዬ አልሰጧትም። «የድሮው ብረቱ ወፍራም ነው፤ የናፍታ ፓምፑን የሚያዘው ማርሽ ነው እንጂ ኮምፒውተር አይደለም። ይጮኻል እንጂ አይሞትም» አለኝ። ከየት እንደመጣ ጠየቅሁት። «ከቆመ መኪና» አለ። ለምን ቆመ ስለው «ሹፌሩ አርጅቶ» አለ። ይህ መልስ ነው? ሚስትህ ግን መልስ ነው አለችና ተስማማች። «ለእሱስ ነገርሽው?» ብዬ ስለ አንተ ስጠይቃት «ነግሬዋለሁ፤ የፈለጋችሁትን አድርጉ ብሏል» አለችኝ። ያኔ አምኛት ነበር።

ነገሩ ለሳቅ የሚሆን እንዳይመስልህ። የወፍጮ ቤቱ ጌታ ለሚስትህ «እስከ ወሩ መጨረሻ እጠብቅሻለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ጭነቱን ለአማቼ ልጅ እሰጠዋለሁ» ብሏታል። የአማቹ ልጅ አዲስ የጭነት መኪና ገዝቶ የወፍጮ ቤቱ በር ላይ አቁሞ ይውላል፤ ሚስትህ በእግሯ ባለፈች ቁጥር ጥሩምባ ይነፋላታል። ያ ጭነት ከእጃችን ከወጣ የእማዬ መድኃኒት፣ የልጅህ ትምህርት ቤት፣ የቤቱ ኪራይ፣ ሁሉም ተጠቅልሎ አንተ ጫንቃ ላይ ይወድቃል። የአንተን ጫንቃ አውቀዋለሁ፤ በልጅነትህ ያዘልኩህ እኔ ነኝ።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው። በማግስቱ መጽሐፌንና ጃንጥላዬን ይዤ ጋራዡ ገባሁና ተቀመጥኩ። ማንም ተቀመጪ አላለኝም፤ ተነሺ የሚለኝ ደፋርም አልተገኘም።

ጋራዡ አንተ ካየኸው ወዲህ ብዙ አልተለወጠም። ወለሉ ዘይት ጠጥቶ ጠጥቶ እንደ ቆዳ ለስልሷል። ጥጉ ላይ በግማሽ የተቆረጠ በርሜል ናፍታ ሞልቶ ተቀምጧል፤ የሚታጠብ ብረት ሁሉ የሚታጠበው እዚያ ነው። መፍቻዎቹ ግድግዳው ላይ በየመጠናቸው ተሰቅለዋል፤ ከእያንዳንዱ ጀርባ ቅርጹ በቀለም ተስሏል፣ አንዱ ቢጠፋ ጥላው እንዲመሰክር። ይህን ሳይ ሰውየው እንደ እኔው ጠርጣራ ነው ብዬ ትንሽ ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ ሰውን ሌባ ነው ብሎ የሚሰጋ ምን ዓይነት ሰው ነው ብዬ አሰብኩ። 

ኤሌክትሪሻኑ የመካኒኩ ተቃራኒ ነው። ቀጭንና ለፍላፊ ነው፤ ዝም ካለ መብራት የሚጠፋ ይመስለዋል። «እትዬ፣ ሰሞኑን አንድ ገጽ ላይ ነዎት እኮ፤ ገጸ ባሕሪው አይርበውም?» ይለኛል። ከባድ መጽሐፍ ነው አልኩት። ከባድ አልነበረም፤ የወንጀል ልቦለድ ነው። ካነበብኳቸው በብዙዎቹ ገዳዩ ዝምተኛው ሰውዬ ነው። በቀሩት ደግሞ ለፍላፊው ነው። ስለዚህ ሁለቱንም እከታተል ነበር።

አሮጌው ብሎክ በሰንሰለት ተንጠልጥሎ ሲገባ አየሁት። ጥቁር፣ ዝገት የበላው፣ ሁለት ሰው የማይችለው ነው። መካኒኩ በትንሽ መዶሻ ጎኑን ቆረቆረና ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። ከዚያ ሌላ ቦታ ቆረቆረ፤ እንደገና ጨፈነ። ምን እንደሰማ አልነገረኝም። በነጋታው በጋሪ አስጭኖ ሲሊንደሩን ወደሚሞርዱበት ቤት ወሰደው። ሲመለስ በሸራ ተጠቅልሏል። ሸራው ሲገለጥ ውስጡ እንደ መስታወት ያብረቀርቃል። የሄደው ጥቁር ነው፤ የመጣው የሚያብረቀርቅ። የሄደውና የመጣው አንድ መሆናቸውን በምን አውቃለሁ? ብሎኩን የለወጠ ዲናሞውን አይለውጥም ማለት ነው? በዚያኑ ቀን ነው እንግዲህ መካኒኩ ለኤሌክትሪሻኑ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ባለቤቱ አያውቅም» ሲለው የሰማሁት። «አንተም እንዳትናገር» ብሎ ጨመረበት።

ከዚህ በኋላ ዝም ብዬ ብቀመጥ የእናቴ ልጅ አይደለሁም። ሚስትህ መስታወቷ ሥር የምታስቀምጠው የጥፍር ቀለም አለ፤ ደም የመሰለ ቀይ። እሱን በጉያዬ ይዤ ሄድኩ። ሠራተኞቹ ምሳ ሊበሉ በር ላይ ሲወጡ ተነሣሁና ዲናሞው ላይ ትንሽ ነጥብ፣ ራዲያተሩ ላይ ትንሽ ነጥብ፣ የናፍታ ፓምፑ ላይ ትንሽ ነጥብ አሳረፍኩ። ታጥበው ጠረጴዛው ላይ የተደረደሩትን ማርሾችም አላለፍኳቸውም፤ ከእያንዳንዱ አንድ አንድ ጥርስ መርጬ በስሱ ነካሁት፣ ዓይን እንዳይስብ። አንዱ ቢቀየር እጅ ከፍንጅ እይዛቸዋለሁ ብዬ ረክቼ ወደ ወንበሬ ተመለስኩ። ያን ዕለት መጽሐፌን እውነት አነበብኩ ማለት ይቻላል።

ሞተሩ ተገጣጥሞ ፒካፗ ሆድ ውስጥ ገባ። ሊነሣ ነው በተባለ ጠዋት ሚስትህም መጣች። ከሚቀጥለው የጋራዥ በር ጎማ የሚለጥፈው ሰው ሳይቀር መጥቶ ቆመ። መካኒኩ ራሱ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ጓጓ፣ ጓጓ አለ፤ ከዚያ ብረት በር ላይ እንደ ተወረወረ ድንጋይ ጓ! አደረገና ነጭ ጭስ ተፍቶ ዝም አለ። ደግመው ቢያዞሩት ያው ነው። ኤሌክትሪሻኑ «ሽማግሌው እንቅልፉ አልለቀቀውም» ብሎ ሊያስቀን ሞከረ። «ሽማግሌው አልተኛም፤ ሞቷል። የገደለውም ከዚህ አልራቀም» አልኩት። ወደ መካኒኩም ዞሬ «እኔ ዝምታዎ ብልህነት መስሎኝ ነበር፤ ለካ የሚሉት ስለሌለዎት ነው» አልኩት። ሚስትህ እጄን ቆነጠጠችኝ። እሱ ግን እጁን በጨርቅ ጠርጎ መፍቻውን አነሣና የገጠመውን መፍታት ጀመረ። ከመጮኹ ይልቅ ይሄ አናደደኝ። ንጹሕ ሰው ሲሰደብ ይጮኻል ብዬ ነው የማውቀው።

ወሩ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ቀርቶታል። ሚስትህ ማለዳ ማለዳ ወፍጮ ቤቱ በር ድረስ ሄዳ «ደርሷል፣ ደርሷል» እያለች ትመለሳለች። የጥሩምባው ድምፅ እስከ ቤታችን ይሰማ ጀመር፤ ወይም እኔ ይሰማኝ ጀመር። እማዬ ምንም ሳንነግራት መድኃኒቷን በግማሽ እየከፈለች ትውጥ እንደነበር የደረስኩባት በዚያ ሰሞን ነው። ለምን እንዲህ ታደርጊያለሽ ብላት «መኪናዋ ስትድን እኔም እጨምራለሁ» አለችኝ። ይህን የምነግርህ እንድታዝን አይደለም፤ ቁጣዬ ከየት እንደመጣ እንድታውቅ ነው።

ከዚያ አንድ ቀን ሚስትህ ምሳዬን ይዛ መጣች። መካኒኩ የፓምፑን ማርሽ አውጥቶ ወደ ብርሃን አዙሮ ያየዋል። ልብ በል፤ ይህ ማርሽ ከሞተሩ ማርሽ ጋር ጥርስ በጥርስ በትክክለኛ ቦታው ካልገጠመ ናፍታው የሚረጨው ፒስተኑ ከሲሊንደሩ አናት ሳይደርስ ወይም ካለፈ በኋላ ነው፤ ሞተሩም አይነሣም። የፋብሪካው ምልክት በእርጅና ተፍቆ ስለጠፋ መካኒኩ ከመፍታቱ በፊት በቀይ የበር ቀለም የራሱን ምልክት አድርጎበት ነበር። የእሱ ቀለም ናፍታው በርሜል ውስጥ ሲታጠብ ሟሟ። የእኔ የተቀባው ከታጠበ በኋላ ነው። የጥፍር ቀለሙን ለሚስትህ የሸጠችላት ሴትዮ «አይለቅም» ያለቻት እውነቷን ነው። መካኒኩም ቀይ ነጥብ ፈልጎ ቀይ ነጥብ አገኘና በዚያው ገጠመው።

«ይሄ የእኔ ቀለም አይደለም» አለ። «የእኔ አያብረቀርቅም።» ኤሌክትሪሻኑን አየ፤ ኤሌክትሪሻኑ በእናቱ ማለ። ከዚያ ሚስትህ የምሳ ዕቃውን ስትዘረጋልኝ የመካኒኩ ዓይን ጣቶቿ ላይ አረፈ። ማርሹን አየ፤ ጥፍሯን አየ። «እህቴ፣ ምን በድዬሽ ነው?» አላት። እንዲህ ባለ ድምፅ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ሚስትህ ግራ ገብቷት ጥፍሯን አየች፣ ማርሹን አየች፤ ከዚያ ቀስ ብላ አንገቷን ወደ እኔ አዞረች። እኔ በዚያች ቅጽበት ገጽ ገለጥኩ። የዚያን ዕለት ከተቀመጥኩ ወዲህ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

የአብዬን ወደ እምዬ ማላከክ ነውር ነው። «ቀለሙ የእሷ ነው፤ እጁ የእኔ ነው» አልኩ። ኤሌክትሪሻኑ ሲስቅ ተንሸራቶ ዘይቱ ላይ ቁጭ አለ። ሚስትህ ግን አልሳቀችም። ታውቃታለህ፤ ስትናደድ ድምፅዋ ይቀጥናል። «እትዬ፣ ይሄ ሰው ለእኛ ብሎ ስንት ቀን አፉን ዘግቶ የከረመ ሰው ነው!» አለችኝ። በዚያው ንዴቷ ሁሉንም ዘረገፈችው። ኤሌክትሪሻኑ ስልክ ቁጥርህ አለው፤ ፒካፗ ስትገባ «ለጌታዋ ልደውልለት» ብሎ ተነሥቶ ነበር። እሷ ናት መካኒኩን ለምና ያስቆመችው። «ከሰማ ሥራውን ጥሎ ይመጣል፤ የሥራ ውሉ ሊያልቅ አንድ ዓመት ቀርቶታል፤ አንድ ዓመት!» ብላ። ለእኔም ነገርኩት ያለችኝ ጎትጉቼ እንዳልደውልልህ ነው። እንግዲህ ጋራዡ ውስጥ የዋሸኝ ሰው ይፈለግ ከተባለ ሚስትህ ብቻ ናት። እኔ ደግሞ እሷን አንድም ቀን አልጠረጠርኳትም።

መካኒኩ ምን እንደሚለኝ ጠበቅሁ። ማርሹን አስቀመጠና «ሌላ የት የት ቀብተዋል?» አለኝ። ብዙ ቦታ ነው አልኩት። እሱም «ይቆዩ። ሌባ ቢመጣ ይጠቅማሉ» አለ። ቀልዱን ይሁን እውነቱን እስከ ዛሬ አልለየሁም። ከዚያ ራሱን ነቀነቀ፤ «እኔም ቀይ ስላየሁ ብቻ ገጠምኩት» ብሎ ወደ ሥራው ዞረ። የማርሹን ነጥብ ሚስትህ በጥጥና በቀለም ማስለቀቂያ አጠፋችው፣ ከእኔ ላይ ዓይኗን ሳትነቅል። እሱም ፒስተኑ አናት የሚደርስበትን ቦታ በሽቦ ለክቶ እያሰላ እንደገና ገጠመ። እኔ ወንበሬን ትቼ ባትሪ አበራሁለት። ሁለቴ «ወደዚህ» አለኝ፤ ሁለቴም ብርሃኑን አዞርኩለት።

ሽማግሌው ተነሣ። መጀመሪያ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ጥቁር ጭስ ተፋ፣ ከዚያ በኋላ የሚያስቆመው ጠፋ። ድምፁን ልግለጽልህ ብል ብረት ድስት ውስጥ ባቄላ እንደሚቆላ ሆኖ፣ ድስቱ የቤት ያህል ቢሆን ነው። ፒካፗ በራችን ስትደርስ እማዬ ከውስጥ ሆና «ይሄን ሰውዬ ሐኪም ይየው እንጂ!» አለች። የወፍጮ ቤቱ ጌታም ወጥቶ «ይሄ መኪና ነው ወፍጮ?» ሲል ሚስትህ «ሁለቱም ነው፤ ጫን» አለችው። ወሩ ሳያልቅ ጫነች። ያንን ዳገት ሙሉ ጭነት ይዛ ወጣችው፤ ከሚስትህ አጠገብ ተቀምጬ ስለነበር የወጣችው በዱቄት ብቻ ሳይሆን በእኔም ጭምር ነው። የአማቹ ልጅ ጥሩምባውን ሲነፋ አየሁት፤ የሰማው ግን ራሱ ብቻ ነው። እማዬም መድኃኒቷን ሙሉ ትውጣለች፤ አፏን አስከፍቼ አረጋግጫለሁ።

ሞተሩ ጥሩ መሆኑ ግን ጥርጣሬዬን አላራቀልኝም። እንዲያውም ጥሩነቱ በዛብኝ። መካኒኩ የተሰነጠቀውን ብሎክ ተዉልኝ አለ፤ ለምን ስለው ብረት መቀጥቀጫ እንደሚያደርገው ነገረኝ። ሁለት ጊዜ ድንገት ሄጄ አየሁት፤ ሁለቱንም ጊዜ እየቀጠቀጠበት ነበር። ሰው እንደሚመጣ ካላወቀ በቀር ማን ሁልጊዜ ይቀጠቅጣል? ጠዋት ጠዋትም ኮፈኗን ከፍቼ ነጥቦቼን አያለሁ። ሁሉም በየቦታቸው አሉ። የዲናሞው ትንሽ ወደ ግራ የሄደ ይመስለኛል፤ ሚስትህ «እትዬ፣ ዓይንሽ ነው ወደ ግራ የሄደው» ትለኛለች።

አሁን የምንፈልገው ከአንተ ነው። የሞተሩ ቁጥር ስለተለወጠ በመኪናዋ መታወቂያ ላይ መስተካከል አለበት፤ ያለ ባለቤቱ ውክልና አይሆንም ብለውናል። ውክልናውን በሚስትህ ስም ላክ። አንዴ ዋሽታኛለች፤ ግን የዋሸችው አንተን በሥራህ ላይ ለማቆየት ነውና ከእኔ ይልቅ ለዚህ የምትሆነው እሷ ናት። ይህን ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጣ ታነባለች፤ እዚህች ላይ ስትደርስ ሻዬን ልትሞላልኝ ተነሣች። ደግሞም አደራ፣ ይህን አንብበህ ሻንጣህን እንዳታነሣ። የሰጋነው አለፈ። የቀረችህን አንድ ዓመት ጨርሰህ፣ ወገብህን ቀና አድርገህ ና። ያኔ ሽማግሌውን ራስህ ታስነሣዋለህ።

እማዬ ጉንጭህን ስማሃለች፤ «ወፍራም ካልሲ ያድርግ» ብላለች። ሚስትህ ሰላምታዋን ለብቻዋ ትጽፋለች፤ አልጠየቅኋትም፣ አላነብም፣ ፖስታውን ግን የማሽገው እኔ ነኝ። ልጅህ «አባቢ፣ የእኛ መኪና ከሁሉም ትጮኻለች» በይልኝ ብላለች፤ ኩራት እንጂ ወቀሳ አይደለም። የጋራዡ ጎረቤት ጎማ ለጣፊው፣ ኤሌክትሪሻኑም ሰላም ብለውሃል፤ ኤሌክትሪሻኑ ዘይት የነካ ሱሪውን እኔን አሳጥቦኛል። መካኒኩን ምን ልበልልዎ ስለው «ደኅና ነን ይበሉት» አለ። ለክፍል ጓደኛህም ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ በጎኑ ይተኛ።

የምትወድህ እኅትህ

ከቤት፣ ከበረንዳው ላይ፤ ሐሙስ፣ ግንቦት 21 ቀን

ማሳሰቢያ፦ መኪናዋ የምታድረው መካኒኩ ግቢ ነው። ትርፍ ቁልፏም እሱ ጋ ነው፤ የሰጠሁት እኔ ነኝ።